«አፈር ስሆን» ያሉት አያትና «አማልክት ናችሁ» ያለችው የልጅ ልጅ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በፍኖተ ሰላም የሚኖሩ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ናቸው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃቸው ለበዓል ወደ ቤት መጥታ ሳለ፣ ከደጋ ዳሞት የመጡት አያቷ እንደ ልማዳቸው «አፈር ስሆን፣ እኔ ትቢያ» እያሉ ሲጸልዩ ሰማቻቸውና «እምዬ፣ መጽሐፉ እኮ አማልክት ናችሁ ነው የሚለው» አለቻቸው፤ አሮጊቷም ደንግጠው አማተቡ። ልጅቱ ሐሳቡን ያገኘችው ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ በስልኳ የምትከታተለው ሰባኪ ሲሆን «አንተ ትንሽ አምላክ ነህ፤ የተናገርኸው ሁሉ ይሆናል» ይላል። ሌላው አሜሪካ የሚኖር የጓደኛዋ ዘመድ የላከው ጽሑፍ ነው፤ እርሱ ደግሞ «እግዚአብሔር ቀድሞ እንደ እኛ ሰው ነበረ፣ እኛም አንድ ቀን እንደ እርሱ አምላክ እንሆናለን» ይላል። ጠያቂው «ሰው አምላክ ይሆናል ማለት ክህደት ነው ወይስ ሃይማኖት? እናቴን ልመን ወይስ ልጄን?» ብለዋል።

የተከበሩ መምህር፣ እናትዎ አልተሳሳቱም፤ ልጅዎ የጠቀሰችውም ቃል በእውነት በመጽሐፍ ያለ ቃል ነው። ስሕተቱ ያለው ልጅዎ ካደመጠቻቸው ከሁለቱ ሰዎች ዘንድ ነው፤ የሁለቱም ስሕተት አንድ ዓይነት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ሰው ለአምላክነት ክብር ተጠርቷል ብላ ታስተምራለች፤ ነገር ግን ይህን የምትናገረው ሁልጊዜ «በጸጋ» ከሚለው ቃል ጋር ነው። እግዚአብሔር አምላክ የሆነው በባሕርይው ነው፤ ሰው የሚከብረው ግን በስጦታ ነው። ይህን አንድ ቃል የዘነጋ ሰው ወይ ሰውን ከልክ በላይ ሰቅሎ ይጥለዋል፣ ወይም እግዚአብሔርን ወደ ሰው ልክ ያወርደዋል።

ከመጀመሪያው ልነሣ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ቁጥር 26 ላይ «ሰውን በመልካችን እንደ ምሳሌያችን እንፍጠር» የሚለውን የእኛ ሊቃውንት ሲተረጕሙ፣ የሰው ነፍስ ልባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ናት ይላሉ፤ ልብ፣ ቃልና እስትንፋስ ያላት አንዲት ነፍስ በመሆኗም የአንዱን አምላክ ሦስትነት በፍጡር ዐቅም ታሳያለች። እነዚሁ ሊቃውንት በዚያው ጉባኤ፣ ሥጋችን ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት፣ ከአራቱ ባሕርያት የተሠራ መሆኑንም ያስተምራሉ። አራቱ የሥጋ፣ ሦስቱ የነፍስ ናቸው፤ ሰው የሰባቱ አንድነት ነው። እናትዎ ከአራቱ በኩል፣ ልጅዎ ከሦስቱ በኩል ስለ አንድ ሰው ተናገሩ እንጂ ስለ ሁለት ሰው አልተከራከሩም።

እኛ ጎጃሞች የቅኔ አገር ልጆች ስለሆንን ይህን ስንሰማ ወዲያው በሰምና ወርቅ መመሰል ይቀናናል፤ አፈርነታችን ሰሙ፣ ክብራችን ወርቁ ነው ማለት ያምረናል። እኔ ግን ይህን ምሳሌ ለዚህ ትምህርት አልመርጠውም። አንጥረኛው ወርቁን ለማፍሰስ ሰሙን ያቀልጠዋል፤ ሰሙ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። ክርስትና ግን ሥጋው ቀልጦ ይጣላል አይልም፤ ይነሣል ይላል። ስለዚህ ከቅኔው መንገዶች የሚቀርበው ኅብሩ ነው፤ በኅብር አንዱ ቃል ራሱ ሁለቱን ምሥጢር በአንድ ጊዜ ይሸከማልና አንዱን ለማግኘት ሌላውን ማጥፋት አያስፈልግም። ሰው ከነአፈርነቱ የሚከብር ፍጥረት ነው።

እናትዎ ይህን ክብር አያውቁትም ብለው እንዳያስቡ። ልጅዎ በተወለደች በ80ኛው ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን አቅፈዋት ሲሄዱ፣ ወንድ ቢሆን ደግሞ በ40ኛው ቀን ይዘውት ሲሄዱ፣ የሚሄዱበትን ምክንያት የገጠር እናት ሁሉ በአንድ ቃል ይነግርዎታል፤ «ልጅነት ልታገኝ» ይልዎታል። የቀኖቹ ቍጥር የተያዘው በመጽሐፈ ኩፋሌ መሠረት ነው፤ አዳም በተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ወደ ገነት ገብተዋል ይላልና። እንግዲህ ሕፃኗ ከማጥመቂያው ስትወጣ አዳም ያጣውን ገነትና ልጅነት ተቀበለች ማለት ነው። ዮሐንስ በወንጌሉ ምዕራፍ 1 ቁጥር 12 ላይ ለተቀበሉት ሁሉ «የእግዚአብሔር ልጆች ይሆኑ ዘንድ ሥልጣንን ሰጣቸው» ያለው ይህ ነው። ቃሉን አስተውለው ያንብቡት፤ «ይሆኑ ዘንድ ሰጣቸው» ይላል። ሰው ያልነበረውን ይቀበላል፤ የተሰጠውም ነገር እንዲያው የክብር ስም አይደለም፣ እውነተኛ ልጅነት ነው። አያቷ የልጅ ልጃቸውን የእግዚአብሔር ልጅ ለማድረግ በ80 ቀኗ ወስደዋት ሳለ፣ ልጅቱ ዛሬ ለአያቷ ስለ ሰው ክብር ስታስተምር ትንሽ ሊያስቅዎት ይችል ይሆናል፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል፤ ጥያቄው በቤትዎ መነሣቱ የስጦታው ፍሬ ነውና።

አሁን ወደ መዝሙሩ እንሂድ። በቤተ ክርስቲያን ዳዊት 81ኛው፣ በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ 82ኛው መዝሙር ነው፤ የቍጥሩ ልዩነት ግራ እንዳያጋባዎት። «እኔ ግን አማልክት ናችሁ፣ ሁላችሁም የልዑል ልጆች ናችሁ አልሁ» የሚለው ቃል በውስጡ አለ፤ በግእዙም «አንሰ እቤ አማልክት አንትሙ» ይላል። ግን ቃሉ የተነገረው ለማን ነው? ከላይ ጀምረው ያንብቡት። እግዚአብሔር በዳኞች መካከል ቆሞ «እስከ መቼ ሐሰትን ትፈርዳላችሁ?» ብሎ ይወቅሳቸዋል፤ ለድሆችና ለድሀ አደጎች ፍረዱ ይላቸዋል። «አማልክት» የተባሉት የእግዚአብሔርን የፍርድ ሥልጣን ተቀብለው ሲያበቁ ፊት አይተው ያደሉ ሰዎች ናቸው፤ ወዲያውም «እናንተ ግን እንደ ሰው ትሞታላችሁ» ይከተላቸዋል። ጌታችንም ይህን መዝሙር በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ሲጠቅስ፣ የእግዚአብሔር ቃል የመጣላቸው ሰዎች አማልክት ከተባሉ፣ አብ ቀድሶ ወደ ዓለም የላከው እርሱ የእግዚአብሔር ልጅ ነኝ ማለቱ እንዴት ስድብ ይባላል ብሎ የተሟገተበት ነው። ስለዚህ መዝሙሩ የሰውን ክብር በእውነት ይመሰክራል፤ ነገር ግን ክብሩን የሚናገረው እንደ ሙገሳ ሳይሆን እንደ ተጠያቂነት ነው። ልጅዎ የሰማችው ሰባኪ ስድስተኛውን ቁጥር ነቅሎ ወስዶ ሁለተኛውን ትቶታል።

ሰው በጸጋ አምላክ ይሆናል የሚለውን አነጋገር ከአባቶች ሁሉ አጉልቶ የተናገረው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን ስለ ቃል ሰው መሆን በጻፈው መጽሐፍ፣ እኛ አማልክት እንሆን ዘንድ እርሱ ሰው ሆነ ብሏል። አትናቴዎስ ለእኛ ሩቅ ሰው አይደለም፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጵጵስና ሾሞ ወደ አክሱም የላከልን እርሱ ነው፤ ይህን ትምህርት የጻፈው እጅ የመጀመሪያውን ጳጳሳችንን የሾመው እጅ ነው። አትናቴዎስ ይህን ያለው ግን ሰውን ለማሞካሸት አልነበረም። አርዮስ ወልድን ፍጡር ብሎ ነበር፤ በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች አውግዘውታል። የአትናቴዎስ ክርክር ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ ወልድ ራሱ ክብሩን ከሌላ የተቀበለ ፍጡር ቢሆን ኖሮ እኛን ሊያከብረን አይችልም ነበር፤ በውሰት የያዘ ሰው ርስት አያወርስምና። እኛ በጸጋ ልጆች መሆናችን ሊጸና የሚችለው እርሱ የባሕርይ ልጅ ከሆነ ብቻ ነው። ይህ ነጥብ የመልሴ ሁሉ ማሰሪያ ስለሆነ ደግመው ደጋግመው ያስቡት። የሰው ከፍታ የሚቆመው በክርስቶስ አምላክነት ላይ ነው፤ ያ ቢናወጥ ይህ ይወድቃል።

የእኛ አገር ሊቃውንት በዚህ በባሕርይና በጸጋ ልዩነት ላይ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተከራክረዋል፤ ጎጃምም ከክርክሩ አውራ ስፍራዎች አንዱ ነበር። ወልድ ሰው ሲሆን በመንፈስ ቅዱስ ተቀባ የሚለው ቃል ለትስብእቱ፣ ማለት ለሰውነቱ፣ ምን አደረገ? የሚል ነበር ጥያቄው። በጎጃም በብዛት የተያዘው የቅባት ትምህርት በቅባቱ የባሕርይ ልጅ ሆነ አለ፤ ሦስት ልደት የሚባለው ወገን በቅባቱ የጸጋ ልጅነትን ተቀበለ አለ፤ ተዋሕዶዎች ደግሞ ሥጋ የከበረው ከቃል ጋር በመዋሐዱ በራሱ ነው፣ ከዚያ ሌላ የሚያከብረው ነገር አላስፈለገውም አሉ። በ1870 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ 4ኛ በወሎ ቦሩ ሜዳ ባደረጉት ጉባኤ የጸናው ይህ የመጨረሻው ነው። የዚያን ዘመን ቍስል እዚህ ማንሣት አልፈልግም፤ በብዙ ቤተ ሰብ ውስጥ ሐዘን ትቶ ያለፈ ጉዳይ ነውና። የማነሣው አያቶቻችን ይህን ልዩነት ምን ያህል በብርቱ ይጠብቁት እንደ ነበር ለማሳየት ነው። ዛሬ አንድ ሰባኪ በአምስት ደቂቃ ንግግር «አንተ ትንሽ አምላክ ነህ» ብሎ የሚያልፈውን መስመር፣ እነርሱ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንዲት ፊደል ሳይቀር ሲመዝኑት ኖረዋል።

የቅዱስ ጴጥሮስ ሁለተኛ መልእክት ምዕራፍ 1 ቁጥር 4 «ከመለኮት ባሕርይ ተካፋዮች» እንድንሆን ተስፋ ተሰጠን ይላል። «ተካፋይ» የሚለውን ቃል ለተማሪዎቼ የማስረዳው በግሽ ዓባይ ነው። ሰው ከሩቅ አገር ወደ ሰከላ ሄዶ፣ ከምንጩ ጠበል በቅል ቀድቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በቅሉ ያለው ውሃ በእውነት የምንጩ ውሃ ነው፤ ያው ጣዕም፣ ያው በረከት አለው። ነገር ግን ቅሉ ምንጭ ሆኗል የሚል ሰው የለም። ቅሉ ውሃውን ከራሱ አያፈልቅም፤ ቢጎድልበት ተመልሶ ወደ ምንጩ መሄድ አለበት። የሰው መክበር እንዲህ ነው። የተቀበለው እውነተኛ ነው፤ ከራሱ ግን አይደለም።

በዚህ ልክ ሁለቱን ትምህርቶች እንመዝናቸው። ሁለተኛውን ላስቀድም። እግዚአብሔር ቀድሞ ሰው ነበረ የሚለው ሐሳብ የሚታወቀው በኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ መሥራቿ ጆሴፍ ስሚዝ በሚያዝያ 1844 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት በናቩ ከተማ በሰጠው ስብከት ተናግሮታል። የዚያች ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ሰው የሰማያዊ አባት ልጅ ነው ሲሉ ከልባቸው ነው፤ ለቤተ ሰብ ያላቸውም ክብር ትልቅ ነው። ነገር ግን በዚህ ትምህርት እግዚአብሔር ከእኛ ቀድሞ በመንገዱ የሄደ ተጓዥ እንጂ ምንጩ ራሱ አይሆንም። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 43 ቁጥር 10 ላይ «ከእኔ በፊት አምላክ አልተሠራም ከእኔም በኋላ አይሆንም» ይላል። እኛን ካለመኖር ወደ መኖር ያመጣን እርሱ ነው፤ በፈጣሪና በፍጡር መካከል ያለው ልዩነት በዘመን ብዛት የሚጠብብ ልዩነት አይደለም። ሰው ከእግዚአብሔር ጋር አንድ የሚሆነው እግዚአብሔር ራሱ ስለ ወረደ ነው።

የመጀመሪያው፣ የስልኩ ሰባኪ፣ ይበልጥ ያሳዝነኛል። ብዙ ሰው ይህን ሰባኪ ሰውን ከፍ በማድረጉ ይከሰዋል፤ እኔ የምከሰው ዝቅ በማድረጉ ነው። «አንተ ትንሽ አምላክ ነህ» ካለ በኋላ ምን ተስፋ እንደሚሰጥ ያድምጡት፤ ቤት፣ መኪና፣ ቪዛ፣ ከበሽታ መዳን። የመለኮት ባሕርይ ተካፋይ ለመሆን የተጠራውን ሰው በዚህ ካሳነሰው በኋላ፣ ተናግሮ ያልሆነለትን ድሀ ደግሞ እምነትህ ጎድሎ ነው ብሎ ይጨምርበታል። እባቡ ለሔዋን ያቀረበላት «እንደ እግዚአብሔር ትሆናላችሁ» የሚል ነበር። ክብሩ ራሱ ለአዳም የታሰበለት ነበርና ክፋቱ በምኞቱ መጠን አይደለም፤ የሚሰጠውን ሳይጠብቅ መቀማቱ ነው። ስለ ክርስቶስ ደግሞ ጳውሎስ በፊልጵስዩስ መልእክቱ፣ በእግዚአብሔር መልክ ሲኖር ሳለ መተካከልን መቀማት እንደሚገባ ነገር አልቈጠረውም፣ ራሱን ባዶ አደረገ ይላል። ባለቤቱ ወርዶ የሰጠውን እኛ ወጥተን ልንነጥቅ እንሞክራለን።

ወደ እናትዎ ልመለስ። «አፈር ስሆን» የሚለውን አነጋገር እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የምንጠቀምበትን ቦታ ያስታውሱ። ሰው ራሱን ሲንቅ አይለውም፤ ለሌላ ሲማልድ ነው የሚለው። እናት የተጣሉ ልጆቿን ስታስታርቅ፣ ሽማግሌ ለበደለኛ ሲለምን፣ «አፈር ስሆን» ይላሉ። በመጽሐፍም ይህን ቃል የተናገረውን ሰው ብንፈልግ አብርሃምን እናገኛለን፤ በዘፍጥረት 18 ላይ «እኔ አፈርና አመድ ነኝ» ያለው ከእግዚአብሔር ፊት ቆሞ ስለ ሰዶም ሰዎች ሲለምን ነው። ከ50 ጻድቃን ጀምሮ እስከ 10 እያወረደ ከፈጣሪው ጋር የተነጋገረው ያ ሰው ነው። ከዚህ የሚበልጥ ድፍረትና ባለሟልነት ለሰው ከቶ ምን አለ? ወዳጅ ሆኖ የቀረበው አፈርነቱን ባወቀበት በዚያች ሰዓት ነው። እናትዎ በጸሎታቸው የማንን ስም እንደሚያነሡ ልጅዎ አድምጣ ታውቅ እንደ ሆነ ይጠይቋት፤ የእርሷ ስም በመካከሉ ሳይኖር አይቀርም።

በመጻሕፍተ መነኮሳት፣ በተለይም በሶርያዊው መነኵሴ በማር ይስሐቅ ትምህርት የሚታወቀው የቅዱሳን መዓርግ በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው። ንጽሐ ሥጋ፣ ንጽሐ ነፍስ፣ ንጽሐ ልቡና ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ በመሐሉ እንባ አለ፣ ራስን መግዛት አለ፣ ፍቅር አለ፤ ፍጻሜው ሥላሴን በሚቻል መጠን ማየት ነው። ዝርዝሩን ለመምህር እተዋለሁ፤ ከመጽሐፍ ብቻ ተነሥቶ መዓርግ የሚቈጥር ሰው ራሱን ያታልላልና። ለእኛ ለዓለማውያን የተሰጠው ጾሙ፣ ጸሎቱ፣ ምጽዋቱና ሥጋ ወደሙ ነው፤ ከዚህ ያነሰ መንገድ ተሰጠን ብለን አንዘን፤ በቍርባኑ የምንቀበለው ያንኑ እግዚአብሔርን ነውና።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ አያርፍም። አባቶች ሰው በጸጋ መክበሩን ለማስረዳት የጋለ ብረትን ምሳሌ ያመጣሉ። ብረት እሳት ውስጥ ሲገባ ያበራል፣ ያቃጥላል፣ የእሳቱን ሥራ ይሠራል፤ ግን ብረትነቱን አልለቀቀም፤ ከእሳቱ ቢወጣ ይጠቁራል። ይህን ምሳሌ የምናየው ከማን ዘንድ ነው? ከቀጥቃጩ ወናፍ ፊት ነው። እኔ በልጅነቴ በጎጃም የቆሎ ተማሪ ሳለሁ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለን ስንለምን አንዲት የቀጥቃጭ ሚስት ትኩስ እንጀራ ሰጠችን፤ ጓደኛዬ ግን «የቡዳ ቤት እንጀራ ነው» ብሎ ከአኩፋዳው አውጥቶ ለውሻ ጣለው። እኔም ዝም አልሁ። ማታ የኔታ ሰምተው አብረን እንድንቆም አደረጉንና፣ «ንግበር ሰብአ በአርአያነ»፣ ማለት «ሰውን በመልካችን እንፍጠር» የሚለውን ቃል አንድምታ (ትርጓሜ) እስክናለቅስ ድረስ አሰሙን፤ በማግሥቱም ሄደን ይቅርታ እንድንጠይቃት አዘዙን። ሴትየዋ ይቅርታችንን ሰምታ እንደ ገና እንጀራ ሰጠችን። ስለ ሰው አምላካዊ ክብር ከተማርሁት ሁሉ የቀረብኝ ያ ቀን ነው። ማረሻችንን የሚሠራልንን፣ ሸክላችንን የምትሠራልንን፣ ጋቢያችንን የሚሸምንልንን ሰው እየሰደቡ «ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥሯል» ማለት፣ በመዝሙር 81 የተወቀሱት ዳኞች የሠሩትን መሥራት ነው።

ስለዚህ መምህር፣ ከእናትዎና ከልጅዎ አንዷን እንዲመርጡ አልመክርዎትም። ልጅዎ በክረምት ስትመጣ ያንን መዝሙር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለአያቷ ታንብብላቸው፤ ስምንት ቁጥር ብቻ ነው። ከዚያም አያቷ በ80 ቀኗ ክርስትና የተነሣችበትን ዕለት፣ ማን እንዳቀፋት፣ የክርስትና ስሟንና ትርጕሙን ይንገሯት። እርስዎም ከዚያው ተቀምጠው ያድምጡ፤ ከሁለቱ ንግግር በኋላ የቀረ ጥያቄ ቢኖር ይጻፉልኝ።